ችካሉ ከመመታቱ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ልጅ ነኝ። አሁን ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ትምህርቴ ታዳሽ ኃይል ነው። አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቶናል። ባሕር ላይ የንፋስ ተርባይን የሚተከልበት ቦታ ሲመረጥ የባሕር ዳርቻውን ነዋሪ እንዴት ታሳትፋላችሁ የሚል ነው። የክፍል ጓደኞቼ ወደብ ላይ ያደጉ ናቸው። እኔ ባሕር ያየሁት አንዴ ጅቡቲ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነው። ከየት ልጀምር? ደግሞስ አገሬ ስመለስ፣ ባሕር በሌለበት፣ ይሄ ትምህርት ምን ያደርግልኛል?»

የኔ ልጅ፣ በድሬ ልማድ «አንቺ» ብዬ ልቀጥል። ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔም ባሕር ላይ ሠርቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት የሠራሁት እዚሁ ቆላው ላይ ነው። መንገድ ሲሠራ፣ የመብራት መስመር ሲዘረጋ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር የአካባቢው ሰው ምን እንደሚነካበት አጠናለሁ። የባሕሩን ነገር ግን ለዓመታት ስከታተለው ቆይቻለሁ፤ እዚያ የሚነሳው ክርክር እኛ ሽንሌ ሜዳ ላይ ከምንከራከረው ጋር አንድ ነውና። ሌላ ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ብዙ ዓመት አልፎታል። ከድሬ ወደ ደወሌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ የሕዝብ ምክክር እንድመራ ተላክሁ። የላከኝን ድርጅት ስም መጥራት አያስፈልግም። ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሻይ ተቀዳ። ስለ ፕሮጀክቱ ጥቅም ተናገርኩ፣ አስተርጓሚው ወደ ሶማሊኛ መለሰው። ሰዉ ዝም ብሎ አዳመጠ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ። አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል ቆሟል።

«ያንን ማን ተከለው? መቼ?» አሉ።

ቀያሾቹ ከሁለት ወር በፊት መጥተው ሄደዋል።

«እንግዲያው እኛን ስለ ምኑ ነው የምትጠይቁን?»

መልስ አልነበረኝም። ፊርማ ሰብስበን ተመለስን። ሪፖርቱ ላይ «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ድጋፉን ገልጿል» ተባለ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚጠየቀው ችካሉ ከመመታቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ስብሰባ ስሙ ምክክር ይባል እንጂ ማስታወቂያ ነው።

ባሕር ላይ ደግሞ ችካሉ አይታይም። ችካሉ ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። በብዙ አገር መንግሥት ባሕሩን በካርታ ላይ ይሸነሽናል፣ ያንን ክልል በጨረታ ያወጣዋል፣ ኩባንያው ገንዘቡን ይከፍላል። ወደ አሣ አጥማጁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ቦታው ላይ ብዙ ሚሊዮን ፈሷል። ማን ወደ ኋላ ይመልሰዋል? ለውይይት የሚቀረው የኬብሉ መንገድና የካሳው መጠን ነው። ስለዚህ የቤት ሥራሽን ስትጀምሪ መጀመሪያ ይሄን ጠይቂ፦ በዚያ አገር ካርታውን ማን ይሠራል? መቼ ይሠራል? አሣ አጥማጁ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር አለው ወይ?

ጃፓን ለምሳሌ በ2018 ባወጣችው ሕግ ተርባይን የሚተከልበት የባሕር ክልል ከመወሰኑ በፊት ምክር ቤት እንዲቋቋም አድርጋለች። የአሣ አጥማጆች ማኅበራት እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሕጉ ቦታው የአሣ ማጥመዱን ሥራ እንዳያውክ ይጠይቃል። ነገሩ ሁሉ በዚህ ተፈታ አልልሽም። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው።

ባሕር አላውቅም ብለሽ ደግሞ አትሸማቀቂ። ደቻቱን ታውቂ የለ? በበጋ ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሪ የሚታይሽ ደረቅ አሸዋ ነው። እንግዳ ሰው በጥር ወር ቢያየው «ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶውን?» ይላል። የድሬ ሰው ግን የውሃ መንገድ መሆኑን ያውቃል። ነጋዴው የት እንደሚዘረጋ፣ ልጆች የት ኳስ እንደሚጫወቱ፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ማን ቀድሞ ዕቃውን እንደሚያነሳ ያውቃል። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ክረምት ውሃው በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ያንን አሸዋ ባዶ ብሎ አይጠራውም።

ባሕርም እንደዚያ ነው። ካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው የሚታየው። አሣ አጥማጁ ግን እያንዳንዱን ጉብታና ገደል በስም ይጠራዋል። በየትኛው ወር አሣው እንቁላል ሊጥል እንደሚመጣ፣ ማዕበል ሲነሳ ትንሽ ጀልባ የት እንደምትጠለል፣ መረብ የት ድንጋይ ላይ እንደሚቀደድ ያውቃል። የይዞታ ማረጋገጫ ግን የለውም። ልክ እንደ ግጦሽ መሬት። ማንም ካርታና ደብተር የለውም፣ የሚያውቀው ሁሉ ግን የማን እንደሆነ ያውቃል። ይሄን ከወደብ ያደጉት ጓደኞችሽ ይልቅ አንቺ በቀላሉ ትረጂዋለሽ።

ግጭቱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳሽ። ከባሕር ወለል ጋር የሚተከል ተርባይን ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ተንሳፋፊ ነው የሚሻለው፤ እሱ ደግሞ ገና ውድ ነው። ጥልቀት የሌለው ቦታ ብርሃን ይገባዋል፣ ምግብ ይበዛበታል፣ አሣም ይወደዋል። ስለዚህ ኢንጂነሩና አሣ አጥማጁ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምክንያት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በዚያ ላይ አሣ አጥማጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሎብስተር ወጥመድ የሚጥል ሰው በተርባይኖቹ መሃል ሊሠራ ይችል ይሆናል። መረብ በባሕሩ ወለል ላይ የሚጎትት ሰው ግን ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ኬብል ካያዘው መረቡም ሕይወቱም አደጋ ላይ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ኩባንያዎቹ በ2019 ተርባይኖቹን በመካከላቸው አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር እየተዉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በረድፍ እንደሚተክሉ ተስማሙ። ጀልባዎቹ በዚያ አካባቢ የሚሠሩበትን አቅጣጫ ይዘው ነው። አሣ አጥማጆቹ ግን ከዚያ በጣም የሰፋ መተላለፊያ ነበር የጠየቁት። ረድፉ ወዴት ይዙር የሚለው ለኢንጂነሩ የስሌት ጉዳይ ነው። ለአጥማጁ ግን ዳቦ ነው።

አሁን ደግሞ የተሳካ ነገር ልንገርሽ። ኮፐንሃገን ወደብ ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሚድልግሩንደን የሚባል ቦታ አለ። ከ200 ዓመት በላይ የወደቡ ደለልና ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነው። መጀመሪያ የታሰበው 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር። ሰዉ ተጠየቀ። ከከተማው ሲታይ ያምራል ወይ፣ ቆሻሻው ቢነካካ መርዝ ይለቃል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። እቅዱ ተቀየረ። በ2000 ሲያልቅ 20 ተርባይኖች በአንድ ረድፍ፣ ቀስት መስለው ቆሙ። እያንዳንዳቸው 2 ሜጋ ዋት ናቸው።

እኔን የገረመኝ ባለቤትነቱ ነው። ግማሹ የከተማው የኃይል ድርጅት ሆነ። ግማሹ ደግሞ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር። 40,500 አክሲዮን ተሸጠ። አንዱ አክሲዮን በዓመት ወደ 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚሆን ኃይል የቆመ ነበር። ጡረተኛም አስተማሪም ገዛ። እንደዚህ ሲሆን ሰው ከመስኮቱ ተርባይን ሲያይ የራሱን ነገር ነው የሚያየው። እቁብና እድር ለሚያውቅ ሰው ይሄ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እኛ አገር ለምን አልተሞከረም እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከሁሉ ይልቅ እንድታጠኚው የምመክርሽ ግን ሮድ አይላንድን ነው። ትንሽ የአሜሪካ ግዛት ናት። እዚያ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ቦታ ላይ ይገኛል።

ግዛቷ ከ2008 ጀምሮ የባሕሯን ካርታ መሥራት ጀመረች። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት መሆኑን ልብ በይ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ከአሣ አጥማጆቹ ጋር ተቀምጠው የት ምን እንደሚያጠምዱ አሰመሩ። በጥንት የበረዶ ግግር የተከመሩት ድንጋያማ ጉብታዎች የአሣ መራቢያ መሆናቸው ስለታወቀ፣ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች ተብለው ተለዩ። በ2010 እቅዱ ጸደቀ። የአሣ አጥማጆች አማካሪ ቦርድም ተቋቋመ። በ2016 መጨረሻ ብሎክ አይላንድ የምትባለው ደሴት አጠገብ አምስት ተርባይኖች ሥራ ጀመሩ፤ 30 ሜጋ ዋት ናቸው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ነው። ደሴቷ ከዚያ በፊት በናፍጣ ጄኔሬተር ነበር መብራት የምታገኘው። ኬብሉ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ዝም አለ። ለሰዉ የሚታይ፣ የሚሰማ ጥቅም መጣ ማለት ነው።

እንከን አልነበረውም አልልም። ኬብሉ ወደ ደሴቷ በሚገባበት የመዋኛ ዳርቻ በበቂ ጥልቀት ስላልተቀበረ አሸዋው ሲሸሽ ብቅ አለ። እንደገና መቅበር ግድ ሆነ። የዳርቻው ሰው አሸዋው በየክረምቱ እንደሚሄድና እንደሚመጣ ያውቃል። እንዲህ ያለ እውቀት ነው ከቅየሳው በፊት መሰብሰብ ያለበት።

ከዚያ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች መጡ። በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ያላቸው። አንዳንዶቹ ኮክስ ሌጅ የሚባለውን፣ ኮድ የሚባለው አሣ የሚራባበትን ቦታ የሚነኩ ነበሩ። ያው አማካሪ ቦርድ ተቃወመ፣ በጽሑፍ አስረዳ። ፈቃዱ ግን ተሰጠ። በ2023 የቦርዱ አባላት በሙሉ በአንድ ላይ ለቀቁ። ምክራችን ካልተሰማ እዚህ መቀመጣችን ለማስመሰል ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው።

አየሽ? ሰዎቹ ያው ናቸው። ሕጉ ያው ነው። ባሕሩ ያው ነው። የተለወጠው፣ የሚናገሩት ነገር ውሳኔ ይቀይራል ወይስ አይቀይርም የሚለው ነው። በመጀመሪያው ካርታውን ራሳቸው ሠሩት። በኋላ ግን በሌላ ሰው ካርታ ላይ አስተያየት ብቻ እንዲሰጡ ተጠየቁ። የቤት ሥራሽን ሙሉውን በዚህ በአንድ ምሳሌ ላይ ብትጽፊው አይበዛበትም።

ሌላው ጫፍ ሜክሲኮ ነው። ኦአሃካ ውስጥ፣ ሳን ዲዮኒሲዮ ዴል ማር የሚባል የኢኮትስ ሕዝብ መንደር አለ። በሐይቆችና በባሕር መሃል ባለች ቀጭን የአሸዋ ምላስ ላይ ኩባንያ መጣ። እቅዱ በአጠቃላይ 132 ተርባይን፣ 396 ሜጋ ዋት ነበር። አብዛኛው እዚያች አሸዋ ላይ የሚቆም ነው። ለአጥማጆቹ ግን ያቺ አሸዋ ወደ አሣው የሚሄዱበት መንገድ ናት፤ የተቀደሰ ቦታም ናት። ውሉ የተፈረመው ሕዝቡ በቋንቋው በቂ ማብራሪያ ሳያገኝ ነው ብለው ተነሱ። መንገድ ተዘጋ፣ ፍርድ ቤት ተሄደ፣ በ2012 እገዳ ወጣ። ፕሮጀክቱ ከዚያ ቦታ ተነስቶ ከባሕሩ ወደ ራቀ መሬት ሄደ። ሰዎቹ ንፋስን አልጠሉም። ሳይጠየቁ መቅረታቸውን ነው የጠሉት። ኩባንያውም ዓመታት ባከኑበት። ቀድሞ ቢጠይቅ ያንን ሁሉ ወጪ ባላወጣ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያዢ። ከፍ አድርጎ የሚጮህ ሁሉ የዳርቻው ሕዝብ አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ዊንድ የሚባል የ130 ተርባይን እቅድ በ2001 ቀርቦ ከ16 ዓመት ክርክር በኋላ በ2017 ቀረ። ተቃዋሚዎቹ ውስጥ የባሕር ዳር ቪላ ያላቸው በጣም ሀብታም ሰዎች ነበሩ። ጠበቃ መቅጠር ይችላሉ፣ ጋዜጣ ይሰማቸዋል። እዚያው ውስጥ የዋምፓኖአግ ነባር ሕዝቦችም ነበሩ። ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ የሚያደርጉት ሥርዓት አለ፤ በባሕሩ ሥር የአባቶቻቸው መሬት አለ። ሁለቱም «እይታችንን አትጋርዱ» ነው ያሉት። ለእኔ ግን ሁለቱ እኩል አይመዝኑም። አንዱ የቤቱ ዋጋ እንዳይቀንስ ነው። ሌላው እምነቱ ነው። ማንን ሰማሽ ብሎ የሚጠይቅሽ አስተማሪ ካለ፣ ይሄን ለይተሽ ማሳየት አለብሽ።

በተቃራኒው ደግሞ ጨርሶ የማይሰሙ አሉ። ካሳ ሲታሰብ የሚቆጠረው ጀልባ ነው። ጀልባ ያለው ሰው ይከፈለዋል። ጀልባው ላይ በቀን ሥራ የሚቀጠረውስ? አሣውን የምታጸዳው፣ የምታደርቀው፣ ገበያ ይዛ የምትወጣው ሴትዮስ? ኮሪያ ውስጥ ጄጁ ደሴት ላይ የኦክስጅን መሣሪያ ሳይዙ እየጠለቁ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚሰበስቡ ሴቶች አሉ፤ ሄኒዮ ይባላሉ። ጀልባ የሚቆጥር ሰው እነሱን የት ያገኛቸዋል? እኛም ጋ ያው ነው። መስመር ሲያልፍ ካሳው ለአባወራው ይሰጣል። ግመሉ የሱ ነው ተብሎ። ወተቱን ይዛ በሌሊት ተነስታ ድሬ ገበያ የምትገባው ሴት ስሟ የትም አይጻፍም። ግጦሹ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚቀንሰው የእሷ ወተት ነው። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

እንዴት ይጠየቁ ለሚለው ከልምዴ ልንገርሽ። አሣ አጥማጅ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። ረፋድ ላይ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ከጠራሽ የሚመጣልሽ የማያጠምደው ነው። በእኛም ወረዳ አዳራሽ ውስጥ በአበል የሚጠራ ስብሰባ ላይ የሚገኘው ለከተማ የቀረበው ሰው ነው። ግመሉን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሄደው የለም። ስለዚህ አንቺ ሂጂ። ጀልባው የሚመለስበት ሰዓት ላይ ሂጂ። መረብ የሚጠገንበት ቦታ ተቀመጪ። ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ሴት ጠያቂ ታናግራቸው። ስላይድ ይቅር። ትልቅ ባዶ ካርታ መሬት ላይ ዘርጊ፣ እስክሪብቶውን ለእነሱ ስጪ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥምሻል። ጥሩ አጥማጅ ጥሩ ቦታውን አይናገርም። ለወንድሙም ላይናገር ይችላል። የእኛ አርብቶ አደር የክፉ ቀን ውሃውን ለማያውቀው ሰው ያሳያል እንዴ? ካርታ ላይ የነገረሽ ቦታ ነገ ለተወዳዳሪው፣ ከነገ ወዲያ ለግብር ሰብሳቢው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከመጠየቅሽ በፊት ካርታው የማን እንደሆነ ተስማሚ። የብዙ ሰው ቦታ ተደራርቦ የሚታይ እንጂ የአንድን ሰው ቦታ ለይቶ የሚያሳይ ካርታ አይውጣ። ዋናው እነሱ ዘንድ ይቀመጥ። ይሄን ሳታደርጊ የምትሰበስቢው መረጃ ባዶ ነው፤ ሰዉ እያወቀ ያሳስትሻል። እውነቱንም ነው።

የማይቀየረውን ነገር ደግሞ ገና ስትጀምሪ በግልጽ ተናገሪ። ንፋሱ እዚህ ነው ያለው፣ ማከፋፈያ ጣቢያው እዚያ ነው፣ ይሄን ማንቀሳቀስ አይቻልም በይ። ሰው እውነት ሲነገረው ይችላል። የማይችለው ሁሉም ክፍት ነው ተብሎ ኋላ ተዘግቶ ማግኘቱን ነው። ግን ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት አማራጭ ቦታ ይዘሽ ሂጂ። አራተኛው «ጨርሶ አይተከል» የሚለው ይሁን። አራተኛው ከሌለ ሦስቱ አማራጭ አይባሉም። ለሕዝቡ የራሱ ባለሙያና የራሱ ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ በጀቱ ውስጥ አስገቢ። ኩባንያው አምስት አማካሪ ይዞ ሲመጣ፣ አጥማጁ ባዶ እጁን መቅረብ የለበትም።

ከዚያ ተመልሰሽ ሂጂ። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። ሰው የነገረንን ይዘን እንሄዳለን፣ ሁለተኛ አንታይም። «ይሄን ብላችሁን ነበር፣ ስለዚህ ረድፉን በዚህ አዞርነው። ያንን ብላችሁን ነበር፣ በዚህ ምክንያት አልቻልንም» ተብሎ አንድ በአንድ ይነገር። በጽሑፍም በቃልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ባሕር ለሌላት አገር ምን ይጠቅማል ላልሽው፣ እኔ በጣም ይጠቅማል ባይ ነኝ። የራሳችን ከተማ የተወለደችው እኮ ከቦታ ምርጫ ነው። ባቡሩ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ከለከለ፣ ወጪው በዛ፣ በ1902 ሐዲዱ እግረ ተራራው ላይ ቆመና ድሬዳዋ ሆነች። «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። አንድ መስመር ካርታ ላይ ወዲህ ሲዞር የሁለት ከተማ ዕድል ተለወጠ።

ዛሬ ደግሞ ንፋሱ መጥቷል። ወደ ጅቡቲ ስትሄጂ አይሻ ላይ የቆሙትን ተርባይኖች አይተሽ ይሆናል። ፕሮጀክቱ 120 ሜጋ ዋት ነው። ከድንበር ወዲያ ጉቤት ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ጅቡቲ በ2023 ያስመረቀችው 60 ሜጋ ዋት አለ፣ 17 ተርባይን። ከ2011 ጀምሮ የእኛን ኃይል ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመርም አለ። ገና ብዙ ችካል ይመታል። የሚመታበት መሬት ደግሞ ሲታይ ባዶ የሚመስል፣ ሰውና ግመል ግን በየወቅቱ የሚመላለስበት ነው።

የጎረቤታችንን የኬንያን ነገር እይ። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይን፣ 310 ሜጋ ዋት ተተከለ። በ2021 ፍርድ ቤት የ150,000 ኤከሩ ይዞታ የተሰጠበት መንገድ ሕጉን ያልተከተለ ነው ብሎ ፈረደ። ያኔ ተርባይኖቹ ኃይል መስጠት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ክርክሩ ከዚያም በይግባኝ ቀጠለ። በዚያው ዓመት በዚያው ጥቅምት ወር ኖርዌይ ውስጥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፎሰን ላይ የተተከሉት 151 ተርባይኖች ሳሚ የሚባሉትን ነባር ሕዝቦች፣ የአጋዘን አርቢዎቹን መብት ይጥሳሉ፣ ፈቃዱ አይጸናም አለ። አጋዘኖቹ በክረምት የሚግጡበት ቦታ ነበር። ተርባይኖቹ ግን ቆመዋል፣ እየዞሩ ነው። ስምምነት ላይ ለመድረስ እስከ 2024 ተጎተተ። ሀብታም አገር፣ ጥሩ ሕግ፣ ንጹሕ ፍርድ ቤት አለ። ችካሉ ግን ቀድሞ ተመትቷል።

የእኛ ሕግ ራሱ መጥፎ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 እና 92 ላይ ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ እንዲመክር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይፈናቀል ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ያዛል። መቼ ይጠየቅ የሚለው ላይ ነው የምንሸወደው። ግምገማው የሚሠራው ብዙ ጊዜ ቦታው ከተመረጠ በኋላ ነው።

መቀመጥንና መነጋገርን ደግሞ ከውጭ መማር አያስፈልገንም። ሔር ኢሳ የሚባለው የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሁሉም ተናግሮ፣ ስምምነት እስኪደረስ የሚቆይበት ሥርዓት ነው። እኛ ግን እዚያው ዛፍ ሥር ሄደን የሁለት ሰዓት ስብሰባ አድርገን፣ አስፈርመን ወደ መኪናችን እንሮጣለን። ሰዎቹ ለመጨረስ ሦስት ቀን ሊፈልጉ ይችላሉ። የፕሮጀክቱ መርሐ ግብር ላይ ያንን ሦስት ቀን የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ስትመለሺ ያ ሰው ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ለአሁኑ ግን አቦ፣ ከላይብረሪው ውጪ። ያለሽበት ከተማ ወደብ ካለው፣ ጀልባ በሚመለስበት ሰዓት ሂጂና አንድ አጥማጅ ፈልጊ። ስለ ተርባይን እንዳትጠይቂው። የመንግሥት ካርታ ላይ ያልተጻፉ፣ እነሱ ብቻ የሚጠሯቸው የባሕር ቦታዎች ስም ምን ምን እንደሆነ ጠይቂው። ስሞቹን ሲነግርሽ ለምን እንደዚያ እንደተባሉም ይነግርሻል። የነገረሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔ ደግሞ ከደወሌ መንገድ ላይ የሰበሰብኳቸውን የሜዳና የጉድጓድ ስሞች እልክልሻለሁ።